ከባሕር ሆድ የወጣችውን አውሮፕላን ፍለጋ ከአማቼ ጋር የሄድኩት መንገድ

ይህን የምጽፈው ቤቴ ገብቼ፣ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው። ወገቤ ግን ገና መኪና ውስጥ ነው ያለው። አገር ቤት ያላችሁ ሰዎች ያን አገር መጥታችሁ የምታዩት አይመስለኝም፤ ስለዚህ ሳልረሳው ልንገራችሁ። ፊደል ላይ ብዙም አይደለሁም። የተጣመመ ፊደል ብታገኙ አቃንታችሁ አንብቡት፤ ነገሩ ግን ቀጥ ያለ ነው።

መንገዱን ያመጣው ጠብ ነው። እኔ የምኖረው ሲያትል፣ ሬኒየር ቫሊ ነው። እዚህ አገር ውሃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ብርቅ አይደለም። በጎማ ፋንታ ሁለት ታንኳ የመሰለ ነገር ተጫምቶ ሐይቁ ላይ እንደ ዳክዬ ተንሸራቶ ቁጭ ይላል። አንድ ቀን ልጄ ቤት ምሳ ቀርቦልን ሳለ እንዲህ ያለው አውሮፕላን በላያችን አለፈ። እኔም ጃፓናዊው ጎረቤቴ የነገረኝን አነሳሁ። በትልቁ የዓለም ጦርነት ጊዜ ጃፓኖች ትንሽ አውሮፕላን ክንፏን አጥፈው ሰርጓጅ መርከብ ላይ፣ ያ ከባሕር ስር የሚሄደው ላይ ማለቴ ነው፣ ዘግተውባት እስከ አሜሪካ ድረስ አመጧት። ከዚያ መርከቡ ከውሃ ብቅ አለ፣ አውሮፕላኗ ተነሳች፣ ኦሪገን ጫካ ላይ ቦምብ ጥላ ተመለሰች አልኩ።

ጋሽ ላምቢሶ እጁን ከማዕድ አነሳ። ጋሽ ላምቢሶ የምራቴ የምሕረት አባት ነው። ድሮ የሆሳዕና አውቶቡስ ነጂ ነበር፤ እዚህ መጥቶ ሲታክ አየር ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ አርጅቶ ጡረታ ወጣ። በዓይኑ ያላየውን አያምንም። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምንባባለው፤ ይሄ ወረቀት ስለሆነ ነው እሱ የምለው።

«እንግዲህ ዓሣ እንቁላል ጥላ አሞራ ፈለፈለች ይበሉና» አለኝ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ስሜን ትቶ ዓሣ አሞራ ይለኝ ጀመር። የሐበሻ ሱቅ ስገባ ባለሱቁ እንኳ፣ ጋሼ ዛሬስ የትኛውን ልስጥዎት፣ የሚዋኘውን ወይስ የሚበረውን ይለኛል። እኔም ተናድጄ ማልኩ። ላምቢሶ በገዛ አፉ እውነት ነው እስኪል ድረስ ከሱ ጋር በአንድ ማዕድ አልቀርብም አልኩ። እሱም በዓይኔ ሳላይ ብቀርብ ብሎ ማለ።

ይህ በሆነ በጥቂት ጊዜ ልጄና ምሕረት ኦበርን የሚባል ከተማ ቤት ገዙ። አዲስ ቤት ሲገባ ዳቦውን የሁለቱ ወገን አባቶች አንድ ቢላ ይዘው ይቆርሳሉ፣ ይመርቃሉ፣ አብረው ይቀምሳሉ። ማዕድ የማይቋረሱ ሁለት ሽማግሌዎች ምን ብለው ይመርቁ? ምሕረት ኮል አደረገችልኝ። «ጋሼ፣ እርስዎና አባዬ ካልታረቃችሁ ሰው አልጠራም። ቤቴ ሳይመረቅ ይኖራል» አለችኝና ድምፅዋ ተቆረጠ። ምራቴ የዋዛ ልጅ አይደለችም፤ መጋዘን ውስጥ ከወንድ እኩል የምትሠራ ናት። ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም።

ታዲያ መላውን ያመጣችው ራሷ ናት። ከሥራ ፈቃድ ጠየቀች፤ ሁለታችንንም መኪና ውስጥ ከታ ቦምቡ የወደቀበት አገር ድረስ ልትወስደን ቆረጠች። ለእሑድ ሰው ጠራች። እስከዚያ ወይ ታርቀን እንመለሳለን፣ ወይ የተጠራው ሰው ይበተናል።

ረቡዕ

ማለዳ ተነሳን። ላምቢሶ ከፊት ተቀመጠ፤ እኔ ከኋላ፣ ከምግቡ ሳጥን ጋር። ምሕረት ቆጮና አይብ፣ ጎመንና ዳቦ ይዛለች። ሁለት ሰሃን ይዛለች፤ አንድ ለሱ፣ አንድ ለኔ።

መንገዱ እንደ ወንዝ ሰፊ ነው። እኛ አገር መኪና በሬ ሲያይ ይቆማል፣ ሠርግ ሲያይ ይቆማል፣ ነጂው ዘመድ ሲያይ ይቆማል። እዚህ ግን ሁሉም ይሮጣል፣ ማንም ማንንም አያይም። ላምቢሶ ግን ሁሉን ያያል። ቀይሪ፣ እለፊው፣ ተይው፣ ያ ከባድ መኪና ዓይኑ አላማረኝም እያለ ልጁን አደረቃት። መኪናው ማርሽ የለውም፤ የሱ እጅ ግን እፊት ሆኖ ማርሽ ያስገባል።

እኔና እሱ በምሕረት በኩል ነው የምንነጋገረው። «ለአማቼ ንገሪያቸው፣ መስኮቱን ይዝጉልኝ» እላለሁ። እሷ አባዬ ዝጋው ትላለች። እሱ ደግሞ «ከኋላ ያሉት ሰውዬ ብርድ ከፈሩ ባሕር ምን ሊያዩ ይሄዳሉ በያቸው» ይላል። ፖርትላንድ እስክንደርስ ምሕረት እንደ ስልክ ሽቦ ሆነች። በመጨረሻ ኦኬ፣ ስልኩ ተበላሽቷል ብላ ሙዚቃ ከፈተችብን።

ለምሳ መንገድ ዳር ለመንገደኛ የተሠራ ማረፊያ አለ፤ ጠረጴዛው ከዛፍ ስር ነው፣ ሽንት ቤቱ ከብዙ ሰው ሳሎን ይጸዳል፣ ከፋይም ተቀባይም የለም። ላምቢሶ ጠረጴዛው ላይ በላ። እኔ መኪና ውስጥ በላሁ። ምሕረት መካከል ቆማ በላች።

ከዚያ ወደ ባሕሩ ታጠፍን። ኩስ ቤይ የሚባል ከተማ ሲመሽ ደረስን። ምሕረት ለሷ አንድ ክፍል፣ ለኛ ለሁለታችን አንድ ክፍል ያዘች። ሌላ የለም አለች፤ አላመንኳትም። የማረፊያው ባለቤት ሴትዮ ስናስል ሰምታ ሳንጠይቃት ተጨማሪ ብርድ ልብስና ማር ያለበት ሻይ ይዛ መጣች። ለማን እንደምትሰጥ ግራ ገብቷት ብርድ ልብሱን ለኔ፣ ሻዩን ለሱ ሰጠችና ሄደች። እሱ አልጋ ላይ ሆኖ ፉት ሲል እኔ በብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት።

ሐሙስ

ጠዋት ጉድ ሆነ። ምሕረት ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ጥቁር ጫማ ነበር የገዛችልን። መጋረጃው ሳይከፈት እየተቻኮልን ስንጫማ አንዱ እግሬ የኔ፣ አንዱ እግሬ የሱ ሆነ። የሱ ጠባብ ነው። መኪና ውስጥ ስገባ አውቄዋለሁ፤ እሱም አንድ እግሩ ጫማው ውስጥ ሲዋኝ አውቆታል። ግን ቀድሞ ማን ይናገር? መሐላው የማዕድ ብቻ ነበር፤ እልኸኝነታችን ግን ወደ ምላስም ተዛምቶ ነበር። ጣቴ እያበጠ ዝም አልኩ። ቤንዚን ልንቀዳ ስንወርድ ሁለታችንም እያነከስን ስንሄድ ምሕረት ከኋላ አየችን።

«አንድ ቀን መኪና ተቀምጣችሁ አነከሳችሁ?» አለች። ወደ እግራችን ስታይ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ሳቋ እምባዋን አመጣው። እዚያው ቆመን፣ እሱ የኔን፣ እኔ የሱን፣ ሳንተያይ ተለዋወጥን።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ምን ብዬ ልንገራችሁ። በስተግራ ተራራ፣ በስተቀኝ ባሕር። ባሕሩ ዳር የለውም። ዝዋይን አይታችሁ ሰፊ ነው ያላችሁ ሰዎች፣ ዝዋይ የዚህ ባሕር ምራቅ አይሆንም። ቤት የሚያክል ድንጋይ ውሃው መካከል ቆሟል፤ ማዕበሉ ሲመታው አረፋው ጣራ ላይ ይወጣል። እኔ ልቤ እንደ ልጅ ዘለለ። ከዚህ ውስጥ ነው የወጣችው ብዬ አሰብኩ። ላምቢሶም አፉን ከፍቶ ያይ ነበር። ኋላ እንደማየው ሲያውቅ ዘጋው።

ብሩኪንግስ ትንሽ ከተማ ናት፤ ኦሪገን ካሊፎርኒያን ልትነካ ስትል እዚያ ታበቃለች። ቤተ መጻሕፍት ገባን። ካሮል የምትባል በዕድሜ ከኛ የማታንስ ባልቴት ተቀበለችን። ጡረታ ወጥታለች፤ እንግዳ ለማስተናገድ ግን ትመጣለች። ከሲያትል የመጣነው ለአውሮፕላኗ ብለን እንደሆነ ምሕረት ስትነግራት ኮቷን አውልቃ ወንበር ሳበችልን። መስታወት ውስጥ አንድ ሰይፍ አለ፤ ቀጠን ያለ፣ ጎበጥ ያለ፣ ያማረ።

ካሮል ረጅም ነገር ተናገረች። ምሕረት ልጅ ሆና ነው ወደዚህ አገር የመጣችው፤ ስትቸኩል አማርኛዋ ይጠላለፋል። ሰይፉን እያሳየች፣ «ያ ቦምብ የጣለው ፓይለት፣ ከጦርነቱ ብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ሶ፣ የከተማውን ሰዎች በሰይፍ ሰጣቸው» አለች።

ላምቢሶ ደነገጠ። «ስንቱን ፈጀ?»

«ምኑን?»

«በሰይፍ ሰጣቸው አላልሽም?»

እኔም ኩርፊያዬን ረስቼ ወደሱ ዞርኩና፣ «በቦምብ ያልጨረሰውን ሊጨርስ ነው የመጣው» አልኩት። እሱም «ምን ያለ አረመኔ ነው፤ ደግሞ ሰይፉን እንደ ታቦት መስታወት ውስጥ አስቀምጠውለት» አለኝ። ካሮል ፊታችንን አይታ ፈራች።

«ኧረ አይደለም» አለች ምሕረት። «ጊፍት ነው የሰጣቸው። ስጦታ።»

ሳቁ መጽሐፍ መደርደሪያ አስያዘን። ምሕረት ለካሮል በእንግሊዝኛ አስረዳቻት፤ በኛ ቋንቋ በዱላ ሰጠው ማለት መታው ማለት ነው ስትላት እሷም አብራ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ እኔና ላምቢሶ መነጋገራችን ትዝ አለንና እንደገና ተኮራረፍን።

እውነተኛው ታሪክ እንዲህ ነው። የከተማው ሰዎች ራሳቸው ናቸው ያን ሰው የጠሩት። ሁሉም ግን አልወደደውም። እሱም ሰይፉን፣ የአያት ቅድመ አያቶቹን፣ ይዞ መጣ። ሕዝቡ ቢቆጣበት በዚያው ሰይፍ ራሱን ሊያጠፋ አስቦ ነበር ይባላል። ተቀበሉት፤ ሰይፉን ለከተማዋ ሰጠ። ከዚያ ወዲያም እየተመላለሰ ወዳጅ ሆነ። ቦምቡ ከወደቀበት ቦታ ዛፍ ተከለ።

ላምቢሶ ግን አልተዋጠለትም። «ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ሰይፍ ይዞ ይመጣል? በኛ አገር ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ነው» አለ። ካሮል ይህን ስትሰማ ገረማት። ድንጋዩ ምን ያህል ነው ብላ ጠየቀች። እንደ ጥፋቱ ነው አልኩ እኔ።

ከዚያ የአውሮፕላኗን ሥዕል አሳየችን። ትንሽ ናት፤ ሁለት ሰው ነው የምትይዘው። ታንኳዎቿን ተጫምታለች። መርከቡ ጀርባ ላይ ውሃ የማያስገባ በርሜል የመሰለ ቤት አላት፤ እዚያ ውስጥ ተጣጥፋ ትተኛለች። ስትወጣ ይገጣጥሟትና እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ከመርከቡ ላይ ያስፈነጥሯታል። እኔ በደስታ ልዘምር ምንም አልቀረኝ። ላምቢሶን በዓይኔ ፈለግኩት።

«ሥዕል ነው» አለ ላምቢሶ። «በሥዕል ከሆነ እኔም በሬ ሲበር እሥላለሁ። አውሮፕላኗ የት አለች?»

ያቺ የለችም አለች ካሮል። ጃፓኖች ኋላ ላይ ትልልቅ ሰርጓጅ ሠርተው ነበር፤ ለነሱ ከተሠሩት አውሮፕላኖች አንዷ ብቻ ተርፋ በአገሩ በሌላኛው ጫፍ፣ በዋና ከተማው አጠገብ ሙዚየም ውስጥ ትገኛለች። ላምቢሶ ወደ ልጁ ዞሮ ሩቅ ነው ወይ አላት። ምሕረት፣ ይኸው ራስህ ንዳ ብላ የመኪናውን ቁልፍ አሳየችው።

ካሮል ማታ እራት ቤቷ ጠራችን። ጠረጴዛዋ አንድ ነው፣ ክብ። የዓሣ ሾርባ ሠርታለች። እኔ ክቡን ጠረጴዛ ሳይ ተመልሼ መኪና ውስጥ ገባሁ። ምሕረት አፍራ ነገሩን ነገረቻት መሰለኝ፣ ካሮል ጎድጓዳ ሳህን በፎጣ ይዛልኝ ወጣች። ምሕረት ተከትላት መጥታ አስተረጎመችልን።

«አባቴም እንደ እርስዎ ነበር» አለችኝ ካሮል። «ያ ጃፓናዊ የመጣ ጊዜ ለራት ተጠርቶ፣ እናቴን አድርሶ፣ ራሱ ከመኪናው አልወርድም አለ። እዚያው ሳንድዊቹን በላ።»

«አኮራኝ» አልኩ። «ኋላስ?»

«ኋላማ እስኪሞት ድረስ አንድ ነገር ያንገበግበው ነበር። ‹አውሮፕላኗ እንዴት ከውሃ እንደወጣች ልጠይቀው ነበር፤ ሰው ሁሉ ጠይቆት እኔ ብቻ ሳልጠይቀው ቀረሁ› ይል ነበር።»

ሾርባውን ጠጣሁ። ትኩስ ነበር። እልኸኛ ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም። ከመኪናው ግን አልወረድኩም፤ በመስኮት ላምቢሶ ክቡ ጠረጴዛ ላይ ዓሣውን እየጠቆመ ካሮልን ሲያስቃት አየሁት። ስለ እኔ እንደሆነ አውቃለሁ።

ዓርብ

ካሮል በራሷ መኪና ፊት ፊት መራችን። አስፋልቱ አለቀና ኮረኮንች ሆነ። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ዛፍ። ስልኩ ኔትወርክ አጣ። አቧራው የካሮልን መኪና ዋጠው። እንደዚህ ያለ መንገድ አሜሪካ ውስጥ አለ ቢሉኝ እኔም እንደ ላምቢሶ አላምንም ነበር፤ ልክ የኛን አገር መንገድ። አንድ ቀጭን መታጠፊያ ላይ ጎማው ተንሸራተተና ምሕረት ቀጥ አደረገችው። ከዚያ መኪናውን አቆመች።

«ውረጂ» አላት አባቷ።

«አባዬ፣ መነጽርህን እንኳ አልያዝክም።»

«ቅርቡን ነው እንጂ ሩቁን አላጣሁም። ውረጂ።»

መሪውን ያዘ። እናንተ፣ ያ ሰው የሃያ ዓመት ወጣት ሆነ። ጀርባው ቀና፤ ከንፈሩ ፉጨት ጀመረ። ገደሉን በክንዱ ርቀት እየታከከ፣ ጎማውን ድንጋይ በድንጋይ እየመረጠ ወሰደን። እኔ ከኋላ ሆኜ ወንበሩን ጨብጬ ነበር። አንዱን ጠመዝማዛ ሲዞር ሳላስበው «ይበሉ ጋሽ ላምቢሶ» ብዬ ጮህኩ። እሱም ዞር ሳይል፣ «ይያዙ አማቼ፣ ገና አቀበቱ አለ» አለ። ምሕረት አፏን በእጇ ያዘች።

መኪናውን ፓርክ አድርገን በእግር ሄድን። ዛፎቹ አናታቸው አይታይም። ቦታው ላይ አንድ ጽሑፍና ያ ሰው የተከለው ዛፍ ብቻ ነው ያለው። ይህን ሁሉ ምድር አቋርጦ ለዚህ የሚመጣ ሰው የለም፤ እኛ መጣን። ካሮል ነገረችን። ጫካውን አቃጥሎ አገሩን ሊያስደነግጥ ነበር አሳቡ፤ ግን ዘንቦ ስለነበር ዛፉ እርጥብ ነው፣ እሳቱ አልያዘም፣ ጠባቂዎች አጠፉት።

ላምቢሶ ይህን አልሰማም። ፊቱን ወደ ባሕሩ አቅጣጫ አዙሮ ቆሟል። «ጠይቂያት» አለ፣ «እንዴት ተመለሰ?»

መርከቡ የነበረበት ውሃ ላይ አረፈ፤ አውሮፕላኗን በማንሻ አንስተው፣ ክንፏን አጥፈው፣ ዘግተውባት ሰረጉ አለች ካሮል።

«መርከቡን እንዴት አገኘው? ምልክት የለ፣ መንገድ የለ፣ ሁሉም ውሃ።»

ሰዓቱንና አቅጣጫውን ቆጥሮ ነው አለች።

 ላምቢሶ ለማንም ሳይሆን፣ «መናኸሪያውን ውሃ ላይ ያገኘ ሰው» አለ፤ «ይሄ ነጂ ነው።» ወደ ዛፎቹ ሄደ። ሽንቱን ሊሸና መስሎኝ ነበር። ሲመለስ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ አስቀምጦ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ፊቴ ቆመ።

«አማቼ፣ ወጥታለች። ከባሕር ሆድ ወጥታለች። ይማሩኝ።»

ላቅፈው እጄን ዘረጋሁ። ግን ድንጋዩን አየሁት፤ ቡጢ አያክልም።

«ይሄ ጠጠር ነው» አልኩ። «ስንት ወር ዓሣ አሞራ ተብዬ በጠጠር?»

 ጠጠሩን ጥሎ ዞረ፤ ከመንገዱ ዳር የበግ ግልገል የሚያክል ድንጋይ አቀፈ። ምሕረት «አባዬ፣ ጀርባህ» ብላ ጮኸች። ወደ ማጅራቱ ሊያወጣው ሲታገል የአንገቱ ሥር ገመድ ሆነ። ድንጋይ የተሸከመን ሰው ቆሞ ማየት በኛ ዘንድ ነውር ነው። ጉልበት የለኝም፤ ግን ሮጥኩ። ያዝኩለት። ይከብዳል። እሱ አይለቅ፣ እኔ ልለቅ ብል እግራችን ላይ ነው የሚወድቀው። እንደተያያዝን ወዲያ ወዲህ ስንል ካሮል ጭፈራ መስሏት አጨበጨበች። በመጨረሻ መካከላችን ጣልነው።

«ምሬዎታለሁ» አልኩት ትንፋሼ ሲመለስ። «እርስዎም ይማሩኝ። ብቻ ሌላ ድንጋይ አያምጡ።»

ምሕረት ወደ መኪናው ሮጣ የምግቡን ሳጥን ይዛ ወረደች። ሁለት ሰሃን ነበር፤ አንዱን ብቻ አወጣች። ቆጮው ደርቋል፣ አይቡ ኮምጥጧል። ዛፉ ስር ቁጭ ብለን፣ ካሮልም ከኛ ጋር፣ ሰሃኑን ጠረግነው። ካሮል ቆጮውን አኝካ አኝካ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ከእንሰት ነው፣ እሱም መሬት ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚወጣው ስንላት፣ ያን ግን አላምንም አለች።

ቅዳሜ

በመጣንበት ተመለስን። ሁለታችንም ከኋላ ተቀመጥን፤ ምሕረት ብቻዋን ከፊት። በየማረፊያው ቆመን በላን፣ ባልራበን ጊዜም በላን። መንገዱን ብትጠይቁኝ አላየሁትም፤ ወሬ ላይ ነበርኩ።

እሑድ

ቤቱ ሰው ሞላው። ዳቦው ተቀመጠ፤ እኔና ላምቢሶ አንድ ቢላ ይዘን ቆረስነው፣ መረቅነው። ምሕረት ሳሎኑ መካከል ቆማ ታየን ነበር፤ አላለቀሰችም፣ ግን ባሏን ክንዱን ይዛ ነበር።

ከዚያ ላምቢሶ ለተሰበሰበው ሰው ይተርክ ጀመር። ሰይፉ ቁመቱ ከሰው ይረዝማል አለ። አውሮፕላኗን ከነክንፏ አየኋት አለ። ድንጋዩ ኩንታል ይመዝናል አለ። እኔ ያየሁትን አውቃለሁ፤ ይሄ ውሸት ነው ልል አፌን ስከፍት፣ ከዳቦው ትልቁን ቆርሶ አጎረሰኝ።